ወፎቹ ያረፉበት

ለልጄ ሚስት፣ ለልጅ ልጄ እናት፤

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ነው የሚጀመረው ብሎኛል ጸሐፊዬ። ይሁን፣ በጤና እንጀምር። እንዴት ነሽ? ሲበርድ የሚወጋሽ ጎንሽ ተሻለሽ? ልጅቷስ? ጥርሷን ቀይራ ጨረሰች ወይስ አፏ እንደ አሮጌ አጥር ገና ክፍት ክፍት ነው? እናትሽን ሰላም በያት። እንደማትወደኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰላም በያት። ሰላምታ ለሚዋደድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለማን ይደርሰው ነበር? ስለ እኔ ከጠየቅሽ፣ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይላል፣ እኔ ትነሳለህ እለዋለሁ፣ እስካሁን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ሩቅ ያያል፣ ቅርብ አያይም። ቅርብ የሚታይ ሰውም የለኝ፣ ስለዚህ አልጎዳኝም። ጥርሴ ግን አንድም አልጎደለ። በዚህ ሰፈር እኩያዬ ሆኖ አጥንት የሚቆረጥም ካለ ይምጣና እንተያይ።

የሚጽፍልኝ ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ ያ ምላጭ የምንለው። ታውቂዋለሽ፣ ከመቀሱ አፉ የሚፈጥነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጨርቁን አንገቴ ላይ ሊያስር ሲል፣ ዛሬ ጢም አይደለም፣ ደብዳቤ ነው፣ ወረቀት አምጣ አልኩት። ያልኩትን ጻፍ፣ ያላልኩትን አትጻፍ አልኩት። ትንሽ ላሳምረው እንጂ አባባ አለኝ። ማሳመር ለሙሽራ ነው፣ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ ብዬዋለሁ። እዚህ ውስጥ ያማረ ቃል ካገኘሽ የእሱ ነው፣ የእኔ አይደለም።

የላክሽውን ደብዳቤ እሱው አነበበልኝ፤ ደግሞ አስነበብኩት። አንድ ግንበኛ ላግባሽ እንዳለሽ፣ ልጅቷን እንደሚወዳት፣ እናትሽም እሺ በይው እያለች እንደምትጨቀጭቅሽ ጽፈሻል። ቀጥለሽ ደግሞ፣ ባሌ በሕይወት ካለ የሰው ሚስት ነኝ፣ ከሌለም አላለቀስኩለትም፣ በሁለቱ መሀል ተንጠልጥዬ ስንት ዘመን ልኑር ብለሻል። እርስዎ አባቱ ነዎት፣ የሚያውቁትን ይንገሩኝ፣ ያለ እርስዎ ቃል አላደርገውም ብለሻል። አኮራሽኝ። ሌላዋ ብትሆን አግብታ፣ ወልዳ፣ ክርስትና ሊነሳ ሲል ነበር የምትነግረኝ።

እኔም እንደወደድሽ ብዬ ልገላገል እችል ነበር። አላደርገውም። ጠየቅሽ፣ እመልሳለሁ። ግን ነገሩ ወደ እኔ የመጣው በቀጥታ መንገድ ስላልሆነ፣ ወደ አንቺም በመጣበት መንገድ ነው የምልከው። የመጣው በወፍ ነው። አትሳቂ።

ሰው የሚለውን ታውቂያለሽ። ልጅቷ ጡት ላይ ሳለች ባልሽ የውኃ ቦቴውን ይዞ ወጣ፤ ከባዶው ማዶ ላለው ካምፕ ውኃ አራግፎ ሊመለስ። ባዶውን ዘንግተሽው ከሆነ፣ ያው እንደ ስሙ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ላዩ እንደ ደረቀ ከንፈር የተሰነጠቀ፣ ዝናብ ሲነካው ግን ታቹ የሚከፈት ሜዳ። ያን ሰሞን ሰማዩ ተቀደደ። ባዶው ውሻ እንኳ የማይሻገረው ጭቃ ሆነ። ዝናቡ አባርቶ ፈላጊ ሊወጣ ሲል ወሬው ደረሰ፤ ቦቴው ቀለሙ ተቀይሮ ሩቅ ገበያ ላይ ታየ፣ ሾፌሩም ሌላ ሴት አስከትሏል ተባለ። ማን አየ? ያየ የለም፤ ሁሉም ካየ ሰው የሰማ ነው። ፈላጊው ቀረ። በዚያው ዓመት በኮረብታው ዙሪያ አዲሱ መንገድ ተከፈተና ባዶውን የሚረግጥ ሰው ጠፋ። አንቺ ወደ እናትሽ ሄድሽ። እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልክ የሚለኝ ካለ፣ ሌባ የሆነ ልጅ አንድ ቀን በሩን ሊያንኳኳ ይችላል። እሷን ተስፋ ይዤ ነበር የኖርኩት።

አሁን ወደ ወፎቹ ልምጣ። በራችን ላይ ለአጥር ብለሽ የተከልሽውን የወፍ ቆሎ ታስታውሺያለሽ፤ ቢጫና ሮዝ በአንድ ራስ ላይ የሚያብበውን። ይሸታል፣ አትትከይው አልኩሽ። አበባ ነው አባባ፣ ምን ያደርግዎታል አልሽኝ። እኔን ምንም አላደረገኝም፤ ሰፈሩን ነው የወረሰው። በኤሌክትሪክ ሽቦው ሥር ተሰልፎ በቀለ። በጣሪያ ጠርዝ ሥር፣ በውኃ ማማው ሥር፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር በቀለ። በበቀለበት ሣር አያስጠጋም። የበሉት ፍየሎች ጆሯቸው ተላጠ፤ ፀሐይ ስትነካቸው ጥላ ፍለጋ ሰው ቤት ዘለው ይገባሉ። እንደዚህ ያለውን ማንም ሳይተክለው የሚወጣ ነገር ወፍ ዘራሽ ስንል ኖረናል። እኔ ግን ወፍ ይዘራል ብዬ ከልቤ አምኜ አላውቅም ነበር። አባባል ነው እንጂ፣ ወፍ ምን እርሻ አላት?

የእርሻ መሥሪያ ቤቱ አረም ነቃዮች ላከ። ዶማ፣ ጓንት፣ አንድ ፒክአፕ፣ አንዲት አለቃ። ነቃዮቹ አለቂት ይሏታል፤ እኔም አለቂት አልኳት። ፊቷ የልጅ፣ አፏ የአሮጊት ነው። አንድ ጠዋት እቤቴ መጣችና፣ አባባ፣ የድሮውን የባዶውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሲባል የሁሉም ጣት ወደ እርስዎ ነው፣ ይምሩን አለችኝ። እውነት ነው። በሞያዬ አናጢ ብሆንም ለሾፌሮቹ ሁሉ ችካል የምጠርበው እኔ ነበርኩ፤ መንገዱን ከእነሱ እኩል አውቀዋለሁ። ባዶው ላይ ምን አላችሁ አልኳት። ከኮረብታው መንገድ ላይ ሆኖ ባዶው መሀል አረንጓዴ ነገር ያየ ሾፌር አለ አለች። ዓይኑን ይታይ አልኩ። እኔም እንደዛ ነው ያልኩት አለችና ሳቀች፤ ባዶው ላይ የወፍ ቆሎ ሊበቅል አይችልም፣ ምክንያቱም ወፍ ፍሬውን በልታ የሆነ ነገር ላይ ትቀመጣለች፣ ተቀምጣ ትጥለዋለች፣ የተቀመጠችበት ሥር ይበቅላል፤ እዚያ ደግሞ መቀመጫ የለም አለችኝ። ወፍ አይደለም፣ ነፋስ ነው የሚያመጣው አልኳት። አባባ፣ ይሄን ፍሬ የሚሸከም ነፋስ ካለ እርስዎንም ጠቅልሎ ይወስድዎት ነበር አለችኝ። ወደድኳት። አንቺም እንደዛ ትመልሺልኝ ነበር።

ወጣን። እኔ ጋቢና ውስጥ ከእሷ ጋር፣ ነቃዮቹ ከኋላ። ከተማው ከኋላችን ዝቅ እያለ ሄደ፣ ሆኖም ጣሪያዎቹ ገና ይታያሉ። ያኔ ነው ያየነው። ያለ ዛፍ፣ ያለ ድንጋይ፣ በዚያ በተሰነጠቀ መሬት መሀል አንድ የወፍ ቆሎ ለብቻው ቆሟል። ከእኔ ቁመት ይበልጣል። በዚያ ድርቅ ቅጠሉ ጠቁሮ ለምልሟል፣ አብቧል። ላዩ ላይ ወፎች አሉ፤ እነዚያ ጥቋቁሮቹ፣ ላባቸው እንደ ፈሰሰ ዘይት የሚያብረቀርቀው። በራችን ላይ እንዴት እንደሚንጫጩ ታውቂያለሽ። እነዚህ ግን ድምፅ የላቸውም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሜዳው መሀል አዙረው ተቀምጠዋል። አለቂት፣ ወፍ ወደ ነፋስ ነው የሚዞረው አለች። ነፋስ አልነበረም። እሷም እንዳልነበረ ያወቀችው ካለችው በኋላ ነው።

ከመኪናው ወርዳ ዙሪያውን ዞረች። መሬቱን በእግሯ ፈተሸች። ከዚያ ለራሷ ይሁን ለእኔ እንጃ፣ ምን ላይ ተቀምጠው? አለች። ቀና ስትል ሌላው ታየ። ሩቅ፣ ነጥብ የሚያክል፣ ወፎቹ በዞሩበት በኩል። ሄድን። ይሄኛው ቀጭን ነው፣ ቅጠሉ ቢጫ፣ እንደ ማንኛውም በደረቅ መሬት ላይ ያለ ተክል። ከሥሩ ቆመን ስናይ ደግሞ ሌላ አለ። ከዚያም ሌላ። እንዲህ ሆነ ነገሩ፤ አንዱ ጋ ካልደረስሽ ቀጣዩ አይታይሽም፣ ስትደርሺ ግን ሁልጊዜ አንድ ይታይሻል። አንድ ብቻ። ከነቃዮቹ ቀልደኛው፣ ከጠዋት ጀምሮ አፉ ያልተዘጋው፣ በድንገት ፒክአፑን በእጁ ደበደበና አስቆመ። አለቂት፣ አንድ ሰው ና፣ ና እያለን ነው፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ አላት። ፀሐይ ትበላሃለች አለችው። ትብላኝ አላት። ወርዶ ጀርባውን ለቁጥቋጦው ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀበትም።

እኔ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት አውቄዋለሁ። ራሴ ገና ነበር፣ እግሬ ግን አወቀው። ሾፌሮቹ የነበራቸውን ሕግ አንቺም ከእሱ ሰምተሽ ይሆናል። ባዶው ላይ መኪናው የሰመጠበት ሾፌር፣ ጥሎ በእግሩ ሲሄድ ችካል እየተከለ ነው የሚሄደው። ከመኪናው ይነሳል፣ መኪናው ከዓይኑ ሊጠፋ ሲል አንድ ይተክላል። ያ ሊጠፋ ሲል ሌላ። ጫፉ ላይ ጨርቅ ያስራል። ፈላጊ አንዱን ካገኘ ሁሉንም ያገኛል። ችካል የተከለ አልጠፋም ይባባሉ ነበር። ባልሽ ሁልጊዜ ከሌሎቹ አብዝቶ ነበር የሚወስደው። እኔም፣ አገር ልታጥር ነው እንዴ እያልኩ እሰድበው ነበር።

አለቂት አንዱን ቁጥቋጦ አስነቀለች። ሥሩ ሲወጣ አንድ ነገር አቅፎ ወጣ። ቁራጭ እንጨት ነው፤ ከመሬት በላይ የነበረውን ምስጥ ጨርሶታል፣ የታችኛው ሹል ብቻ ቀርቷል። አለቂት አፈሩን አራግፋ አሳየችኝ፤ ምንድነው አባባ? እንጨት ነው አልኳት። እንጨትማ ነው፣ ግን ሹሉ ሦስት ጎን ነው፣ ሰው የጠረበው ነው አለች። ሦስት ጎን የሚሆነው ነፋስ እንዳያሽከረክረው ነው አልኳት። ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። እኔም የራሴን መጥረቢያ አሻራ ሳላውቀው የምቀር ሰው አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ልዝለልልሽ። ቁጥቋጦዎቹ ያለቁበት ቦታ ደረስን። እዚያ ያለው አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፤ ግን እንደ ጫካ አልተበተነም። እንደ ክፍል ነው የቆመው። ረጅም፣ ጠባብ፣ አራት ማዕዘኑ የተለየ፣ ግድግዳው የወፍ ቆሎ የሆነ፣ ጣሪያና በር የሌለው ክፍል። ውስጡ ባዶ ነው፤ አንዲት ሣር የለችም፣ አቧራው እንደ ተጠረገ ወለል ልሙጥ ነው። ወፎቹ በአራቱም ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል፣ ወደ ውስጥ እያዩ። ያኔም ድምፅ የላቸውም። አንድ ሰው ተኝቶ እንዳይነሳባቸው የፈሩ ይመስላሉ።

አለቂት የብረት ዘንግ ይዛ ገባች። ከሁላችንም ደፋሯ እሷ ናት። መሀሉ ላይ ቆማ ዘንጉን ወደ ታች ወረወረችው። መሬቱ መለሰ። እንደ ባዶ ጋን፣ ረጅም፣ ከታች የመጣ ድምፅ፤ ጫማዬ ውስጥ ገባ፣ እስከ ጥርሴ ወጣ። ወፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሱ፣ የክንፋቸውን ሽውታ እንጂ ጩኸት አልሰማንም። ከነቃዮቹ አንዱ ማማተብ ጀመረ፣ ሌላው ዶማውን ጣለ።

ቦቴው ነው። ጭቃው ግማሹን ውጦት፣ የቀረው ጀርባው ለስንት ጊዜ ከመሬት በላይ ቆይቶ፣ ወፎቹ ጠርዙ ላይ ሲቀመጡበት ከርመው፣ በኋላ አቧራው ሸፈነው። ቀለሙ አልተቀየረም። ያው ሰማያዊው ነው፤ በሩ ላይ ያለው ጭረት ራሱ አለ፣ ያኔ የእናትሽን በር ሲገጭ የተጫረው። ጋቢናውን ቆፍረው ከፈቱልኝ። ሰው የለበትም። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቁልፉ ተነቅሏል፣ በሩ ከውጭ ተቆልፏል፣ የችካሉ ከረጢት ከቦታው የለም። ሸጦ የሚጠፋ ሰው ቁልፍ ነቅሎ በር ይቆልፋል? ሩቅ ገበያ ላይ ቀለሙ ተቀይሮ የታየው ቦቴ የማን ነበር እንግዲህ? ምላጭን ጠይቂው። እዚህች ላይ ብዕሩን አቁሟል። ጻፍ ብዬዋለሁ። አባባ፣ እኔም የሰማሁትን ነው ያወራሁት አለኝ። እሱንም ጻፈው አልኩት።

ስንመለስ አለቂት አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ይህን ለአንቺ ብዬ ነው በደንብ ያዳመጥኩት። እነዚህ ወፎች ጠዋት ከተማ ውስጥ ይበላሉ፣ ከዚያ ውኃ ፍለጋ ባዶውን አቋርጠው ከካምፑ ማዶ ወዳለው ኩሬ ይሄዳሉ። ድሮ መሀል ላይ የሚያርፉበት ስለሌለ ሳያርፉ ነበር የሚሻገሩት። በኋላ ማረፊያ አገኙ። አበባው ቢጫና ሮዝ የሆነ የወፍ ቆሎ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ ድሮ የነበረው አንድ በር ላይ ብቻ ነው አለች፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ የተወለደ ነው። የማን በር እንደሆነ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። አንቺ የተከልሽውን በልተው እሱ በተከለው ላይ አረፉ። ለዓመታት፣ አንዱንም ችካል ሳይዘሉ፣ የዘራሽውን በእግሩ ዱካ ላይ ሲዘሩልሽ ከረሙ፤ እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ስሙን ስናጠፋ።

አሁን ልብ አድርጊ። መስመሩ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ገበያው አይደለም። ወደ አዲሱ መንገድ አይደለም። ወደ ሌላ ሴት አይደለም። ከቦቴው ተነስቶ፣ ሳይጣመም፣ ቀጥ ብሎ ወደ በርሽ ነው። እኔ በገመድ ለክቼ እንደዛ ቀጥ ያለ ነገር አልሠራሁም።

እንግዲህ ከከተማ ስንወጣ መጀመሪያ ያገኘነው ቁጥቋጦ፣ ለእሱ የመጨረሻው ነበር ማለት ነው። ይህን አለቂትም አስባዋለች። እዚያ ስንደርስ ነቃዮቹ ዶማ ይዘው ሊወርዱ ሲሉ፣ ይህን ለእኔ ተዉልኝ አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ባርኔጣዋን አወለቀች። ነገ አብሬዎት ልምጣ? አለችኝ። አትምጪ አልኳት። አልመጣችም። አስተዋይ ናት።

በማግስቱ ለብቻዬ ሄድኩ። በራሴ እጅ ነቀልኩት። የቀሩት ሁሉ ቀጭንና ቢጫ ሆነው ሳለ ይሄ ብቻውን ለምን እንደዛ እንደወፈረ፣ ሥሩ ለምን ወደ ታች መሄድ ትቶ ወደ ጎን እንደተኛ፣ ሆድ ይፍጀው። ከረጢቱ እዚያ ነበር። ውስጡ ችካል ነበረበት፤ ያልተተከለ፣ ጨርቁ እንደታሰረ። ችካል አልነበረም ያለቀበት። እዚያ ቆመሽ ቀና ካልሽ የውኃ ማማው ይታይሻል። የቤታችን ጣሪያ ይታይሻል። ማታ ቢሆን ደግሞ መብራቱ ይታያል፤ ያን ሰሞን ለልጅቷ ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ አታጠፊውም ነበር።

የሚሠራውን ሥራ እዚያው ሠራሁ። አናጢ ነኝ፣ የእንጨቱን ሥራም ለማንም አልሰጠሁም።

ጥያቄሽ ይኸውልሽ ተመለሰ። ልጄ ሌባ አይደለም። ጥሎሽ አልሄደም። ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር። ግንበኛውን አግቢ። አባቱ ብሏል፣ አግቢ። የሠራውን ግድግዳ ሂጂና እዪለት፤ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ሌላ ነገር አትጠይቂው። ልጅቷ አባባ ብትለው አልቀየምም፤ የእኔን ልጅ ግን ከዚህ በኋላ ማንም ፊት አንገት ሳትደፊ ጥሪው። የእሷም አንገት እንዳይደፋ ንገሪያት። እናትሽም ያን ሰሞን ልጄን ሌባ ያለችውን ቃል ትመልስ። አልቅሺለት ደግሞ። ያላለቀስሽውን ሁሉ አሁን አልቅሺ፣ ከዚያ ፊትሽን ታጥበሽ አግቢ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አለቂት ከመሄዷ በፊት፣ ቦታው እንዳይጠፋብዎት ነጭ ቀለም የተቀባ እንጨት ልትከልበት አለችኝ። እንደዛ የጮህኩባት ቀን የለም። ወፎቹ ሊቀመጡበት! አልኳት። አንገቷን አቀረቀረች፤ እውነትዎን ነው አለች። ስለዚህ የቆመ ምልክት የለውም፣ አይኖረውምም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከመሬት እኩል አስተኝቻለሁ፤ አቧራ ይለብሳል፣ እኔ እየሄድኩ አራግፈዋለሁ። ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሰው እኔ ነኝ። አለቂትም ወደ ሌላ አገር ተዛውራለች።

ሰዎች፣ ሽማግሌው አብዷል፣ ባዶው ላይ እንደ ችካል ቆሞ ይውላል ብለው ይልኩብሽ ይሆናል። ውሸታቸውን ነው። አልቆምም፤ በርጩማ ይዤ ሄጄ እቀመጣለሁ። ዝም ብዬ ስቀመጥ ወፎቹ ሰው መሆኔን ይረሱታል። መጀመሪያ አንዷ መጣችና ባርኔጣዬ ላይ አረፈች። ወፍ ክብደት ያላት አይመስልሽም፤ አላት፤ ጥፍሯ በጨርቁ አልፎ ይሰማሻል። ላባርራት እጄን ባዘው አልነሳ አለኝ። ተውኳት። አሁን ትከሻዬ ላይም ይመጣሉ፣ አይጮሁም፣ እኔም አልናገርም፤ ሁላችንም ወደ አንድ በኩል እናያለን። በቀደም ጎንበስ ስል ከበርጩማው እግር ሥር ትንንሽ ቅጠሎች አየሁ። ነቀልኳቸው። ሌላ ቀን ስሄድ በሌላው በኩል ወጥተው ጠበቁኝ። ነቀልኳቸው። ከእነሱና ከእኔ ማን እንደሚቀድም እናያለን፤ ለጊዜው የምቀድመው እኔ ነኝ።

ልጅቷን ይዘሽ ነይ። ቦታውን በእጄ ላሳያት እፈልጋለሁ፤ ለሌላ ሰው አላሳይም። ሠርጉ ቢደርስም ከሠርጉ በፊት ነይ። እቤት ካጣሽኝ ባዶው ላይ ፈልጊኝ፣ ከማማው ጀርባ ቀጥ ብለሽ ውጪ። የሚታይ ነገር አይኖርም፣ አንድ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ነገር ግን ከሩቅ አንድ ለብቻው የለመለመ ነገር ካየሽ፣ ልጅቷን እዚያው አቁመሽ አንቺ ብቻሽን ቅረቢ። አትፍሪ። ከሥሩ ንቀይው።

ትዳርሽ ይስመር። ጎንሽን አይውጋሽ። ልጅቷ ትደግ፣ ወደ ቤቱ የሚመጣ ሰው ይስጣት። ፈጣሪ ያረፋችሁበትን ሁሉ ያለምልም ሊል ነበር ምላጭ፤ ተው ብዬዋለሁ። ያረፋችሁበት ብቻ ይሁን፣ ይበቃል። ወረቀቱ የረጠበበት ቦታ ካለ የመላጫው ውኃ ነው፤ ምላጭ መቼም እጁ አይደርቅም።

ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜያለሁ።

አባትሽ